ካባው እስኪለበስ

«እሱ ሰውነቱ ደንዳና ነው፤ ይችለዋል» አለ ባሌ፣ ደጅ ቆሞ ለቀበሌው ሊቀመንበር። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ፣ ይችለዋል የተባለውን የወንድሜን ቅልጥም በቅቤና በፌጦ እያሸሁ ነበር። ከጉልበቱ በታች ደህና ቦታ አልነበረውም። አንዳንዱ ሰንበር ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ገና እንደጠቆረ ነው፤ የትኛው የየትኛው ሳምንት ልምምድ እንደሆነ ለይቼ መናገር እችል ነበር። አዛናው የባሌን ቃል እኔ የሰማሁትን ያህል ሰምቶታል። ቀና ብዬ ሳየው ፈገግ አለና ሌላውን እግሩን ዘረጋልኝ። የኛ ቤት አኗኗር እንዲህ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ይሰማል፣ ግን ማንም ምንም አልሰማም።

ቀኑ መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ አምስተኛ ዓመት ነው። ከሰዓት በኋላ ትልቅ እንግዳ ከአውራጃው መጥተው የቀበሌያችንን ቴአትር ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። ቴአትሩን የደረሰው ባሌ መምህር አያልነህ ነው። በቴአትሩ ውስጥ ባላባት ሆኖ የሚደበደበው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ አዛናው ነው። ባላባት ልሁን የሚል ሰው ወረታ ውስጥ ሲጠፋ፣ ሊቀመንበር መንግሥቴ «የባላባት ልጅ እያለ ምን ያስቸግረናል?» ብሎ ወንድሜን ከእስር አወጣው። አዛናው የታሰረው የአባታችን ልጅ በመሆኑ ነው፤ ሌላ ጥፋት አልተጻፈበትም። ቴአትሩ ካማረ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል ተባለ። ያለ ይለፍ ከወረታ መውጣት አይችልም። ሚስቱ ያለችው ሐሙሲት ነው፤ እሱ ከታሰረ በኋላ የወለደቻትን ሴት ልጁን ገና በዓይኑ አላያትም። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሲደበደብ የከረመው ለዚያች ወረቀት ነው።

«ጥርስ አውጥታለች አሉ» አለኝ፣ ቅቤውን በጨርቅ ስጠርግለት።

«ማን?»

«ልጅቱ ናታ። ዛሬ ወረቀቷን ከጨበጥሁ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ፣ እቴ።»

«በዚህ እግርህ?»

«በዚሁ እግሬ።»

እንግዲህ ስለ ቴአትሩ ልናገር፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከሱ ነውና። ተጫዋቾቹ ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም የገበሬ ማኅበር አባላት፣ ስምንቱም ገና ፊደል ቆጣሪዎች። አያልነህ ጽሑፉን አስጠንቶ ሊያጫውታቸው ስላልቻለ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። የመድረኩ ጥግ ላይ ይቆምና ይተርክላቸዋል። «አሁን የባላባቱ ግቢ ደርሳችኋል። ውሻው ይጮኻል። ባላባቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያስታጥባል። ውባየሁ፣ አንተ እጅ መንሻ ማር ይዘሃል። ምን ትለዋለህ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የነሱ ነው፤ የመጣላቸውን ይናገራሉ፣ የመጣላቸውን ያደርጋሉ። አያልነህም እነሱ ባደረጉት ላይ ተነሥቶ ቀጣዩን ይተርካል። በመጀመሪያው ክፍል ባላባቱ ይንቃቸዋል፣ በሁለተኛው በሬ ይነጥቃቸዋል፣ በሦስተኛው አዋጁ ታውጆ እነሱ ይነሡበታል። ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ባሌ ሞኝ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፤ ለስምንቱም የሚመጣላቸው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን የተጫዋቾቹን ልብስ ልለካ ሄጄ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። ውባየሁ የማሩን ቅል ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፣ ዱላውን አነሣና ባላባቱን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈበት። ሰባቱ ደግሞ ምን ቀረን ብለው ተከተሉት። ቴአትሩ ባላባቱ እግሩን ታጥቦ ሳይጨርስ አለቀ።

«ምን ነካህ ውባየሁ!» አለ አያልነህ መሀል ገብቶ። «ዱላው በሦስተኛው ክፍል ነው እኮ! አሁን ገና አልተበደልክም!»

«እኔ ነኝ ያልተበደልሁት?»

«በጨዋታው ውስጥ ማለቴ ነው።»

«ሰውዬው ይኸው፣ ዱላየም ይኸው። በሬየን እስቲወስድብኝ ቁጭ ብየ ልጠብቀው ነው፣ መምህር?»

አያልነህ ወደ ጥጉ ተመለሰ። የውባየሁን በሬ በእውነት የወሰደበት ሰው አለ፤ ያ ሰው አባታችን ነው። ነጭ ሆዱ፣ ቀይ ጀርባው የፎገራ በሬ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ግቢያችን ታስሮ ሳር ሰጥቼዋለሁ። የማን እንደነበረ አልጠየቅሁም። ወረታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ የማይወራው እኛ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አዛናው ቅልጥሙን ይዞ ሲንከባለል ውባየሁን ልረግመው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት።

ባሌ ያልሞከረው የለም። ለባላባቱ የእንጨት ጠመንጃ የያዙ ሁለት አሽከሮች አቆመለት፤ አሽከሮቹ ራሳቸው ከስምንቱ መሀል የተመረጡ ናቸውና ጠመንጃውን ገልብጠው በሰደፉ ከሁሉ ቀድመው መቱት። ዱላቸውን ቀምቶ የማሽላ አገዳ ሰጣቸው፤ አገዳው ሲያልቅ በጡጫ ቀጠሉ። ባላባቱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ድምፁ ብቻ እንዲሰማ አደረገ፤ ድምፁን ተከትለው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ «በቃ፣ ገደላችሁት፤ ቴአትሩ አልቋል፤ ሂዱ ወደ ቤታችሁ!» ብሎ ጮኸባቸው። እነሱ ደግሞ እውነት መስሏቸው ተመራርቀው፣ በደስታ ሄዱ። ያን ቀን ማታ እሱ ራቱን አልበላም፤ እኔ አዛናውን በሙቅ ውኃ እያጠብሁ ብቻዬን ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

የማያስቀው ሌላው ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከአያልነህ ጋር ጠመኔ የተካፈሉ ሁለት መምህራን ተወስደው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ባሌ መኪና በቆመ ቁጥር ማንኪያውን ያስቀምጣል። ሊቀመንበሩ «ቴአትሩ ከተበላሸ አሻጥር ነው» ብሎታል። ስለዚህ በመጨረሻ ስምንቱን ሰብስቦ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ውባየሁ ለሁሉም መለሰ፤ «አንድ ጊዜ፣ እስቲበቃን።» ያን ዕለት ውል ገቡ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ባላባቱ ለሹመት በዓል ካባውን ይለብሳል። ካባው ሲለበስ ምልክት ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ዱላ አንሥተው እንዳሻቸው ይምቱ። ራስ አይመታም። አያልነህ ፊሽካ ሲነፋ ወዲያው ይቆማል። ካባው ከመጀመሪያው ጀምሮ መድረኩ ላይ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ እያዩት እንዲታገሡ። በዚህ ተጨባበጡ፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ቃላቸውን አላጓደሉም።

ካባውን የማዘጋጀት ነገር ለኔ መጣ፤ የወረታ ልብስ ሰፊ እኔ ነኝና። ሊቀመንበሩ ከተወረሰ ዕቃ መጋዘን አንድ ጥቁር ካባ አመጣ። ክሳዱ ላይ እናቴ በእጇ የጠገነችው ጥልፍ አለ። አዛናውም አየው፣ እኔም አየሁት፤ ስለ ጥልፉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ገበሩን ተርትሬ የትዳር ፍራሻችንን ግማሽ ጥጥ አወጣሁና ከትከሻ እስከ ወገብ ወፍራም አድርጌ ደለደልሁት። ካባ ክንድ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ከአሮጌ ካፖርት ሁለት እጅጌ ቆርጬ እነሱንም በጥጥ ሞልቼ ከውስጥ ሰፋሁበት። እጅጌዎቹ ጠበቡ። አዛናው ብቻውን ሊለብሰው አይችልም፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አንድ በአንድ ክንዱን እየጎተትሁ ነው የማስገባለት። ላሰፋው አስቤ ነበር፤ ከሠርግ ልብስ ጋር ሥራ ተደራረበብኝና ተውኩት። ይህን ያህል ነው፤ ተውኩት።

በልምምዱ ካባው ሠራ። ስምንት ዱላ ሲወርድበት አዛናው ከውስጥ «ኧረ በወንድ ልጅ አምላክ! ኧረ ገደላችሁኝ!» እያለ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል። ፊሽካው ሲነፋ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፍና «ውባየሁ፣ የኔ ወንድም፣ ጀርባየን አከክልኝ» ብሎ ያስቃቸዋል። ቅልጥሙ ነው እንጂ የሚጎዳው፣ ካባው እዚያ አይደርስም። እንዲያውም ከውባየሁ ጋር አንድ ጠላ ቤት ሲቀመጡ አይቻቸዋለሁ። አባታችን ካደረገው ሁሉ በኋላ፣ በዱላ ቢሆንም፣ ሁለቱ ሰዎች ሲታረቁ ያየሁ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ሲሄድ አያልነህ ወደ ቤት ገባ። የክት ሸሚዙን ለብሷል፤ ፊሽካው በቀይ ክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ክሩን ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። አዛናው እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ባሌን ክንዱን ያዝሁት።

«ከካባው በፊት አንድ ሰው ዱላ ቢያነሣ ትነፋለህ?»

«እነፋለሁ።»

«እንግዳው ቢኖሩም?»

«ሸዋነሽ፣ ፊሽካ እኮ ነው፤ መድፍ አይደለም» አለና ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅን ቆይቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የገበያው ሜዳ ጢም አለ። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለሆነ ከሜዳው ማዶ ፎገራ በሙሉ ውኃ እንደተኛበት ነው፤ ገበሬው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለቅልቆ ነው የደረሰው። መድረኩ በበርሜል ላይ የተደረደረ ጣውላ ነው። ሴቶች ከፊት መሬት ላይ፣ ወንዶች ከኋላ ቆመው፣ እንግዳው ደግሞ ከሁሉ ፊት ለብቻ በተዘረጋ ወንበር ላይ። እንግዳው ጠና ያሉ፣ ካኪ የለበሱ፣ ሽጉጥ የታጠቁ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ዘግይተው መጥተው ገና ሳይቀመጡ ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር። መንግሥቴ ከጎናቸው ቆሞ በቄጠማ ዝንብ ያባርርላቸዋል። እኔ ሴቶቹ መሀል ተቀመጥሁ፤ ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ በጎን ወጥቼ አዛናውን ካባውን ላለብሰው ነው። ካባው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ከታች ስምንቱ እውነተኛ ዱላዎች ለሦስተኛው ክፍል ተደግፈው ቆመዋል።

አዛናው በስስ እጀ ጠባብ ወጥቶ ተቀመጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ወንድሜ አባታችንን ይመስላል፤ አቀማመጡን ደግሞ ከማንም አልተማረውም፣ ልጅ ሆኖ አይቶታል። እግሩን ዘረጋ፣ አንገቱን ሰበቀ፣ «ማነህ አንተ? ውሻ ይመስል ደጄን የምታነፈንፍ?» አለ። አያልነህ ከጥጉ «ውባየሁ፣ ማሩን ይዘህ ቀርበሃል፤ ምን ትለዋለህ?» ብሎ ተረከ። ውባየሁ እንደ ውሉ ጎንበስ አለ። «ጌታየ፣ ልጆቼ ተራቡ» አለ፤ እንዲህ አድርጎ ተናግሮት አያውቅም ነበር። አዛናው ማሩን በእግሩ ገፋው፣ ቅሉ ተንከባለለ፣ ከፊት የነበሩት ሴቶች «ውይ!» አሉ። ውባየሁ ዓይኑን ወደ ካባው አንሥቶ፣ አይቶት፣ ታገሠ። ኩራት ተሰማኝ። ቴአትሩ ሊያምር ነው፣ ወረቀቷ ልትገኝ ነው ብዬ እጆቼን አጣበቅሁ።

ያን ጊዜ እንግዳው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምን ትጠብቃላችሁ!» አሉ፣ በዚያ ስብሰባ በለመደ ድምፃቸው። «ጭቁኑ ገበሬ ምንድን ነው የሚጠብቀው? አድኃሪ ፊታችሁ ተቀምጦ ይሰድባችኋል፣ እናንተ ትለምኑታላችሁ? በሉት!»

መንግሥቴ ቄጠማውን እንደያዘ ወደ መድረኩ ተንደረደረና «ጓድ ያሉትን አልሰማችሁም? ዱላ አንሡ!» አለ። ስምንቱ ተያዩ። ከዚያ ውባየሁ፣ ያ ትዕግሥት የለውም የተባለው ውባየሁ፣ ዘወር ብሎ ባሌን አየው። ስምንቱም አዩት። ምን እናድርግ ነው ጥያቄው፤ ከመሬት ሆኜ እኔ ተረድቼዋለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አያልነህ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተው። አሁን ይነፋል ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ፊሽካው ላይ ተጣብቆ፣ ጉንጩ ሳይነፋ፣ ዓይኑ የእንግዳው ሽጉጥ ላይ ቀረ።

መንግሥቴ ዱላውን ራሱ አንሥቶ ውባየሁን አስጨበጠው። አዛናው ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣና ማንም ሰው በሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን አደረገ፤ ወደ ካባው ሮጠ። ሕዝቡ «አመለጠ! አመለጠ!» አለ። ካባውን ከምሰሶው ነጠቀና፣ በድንጋጤ ዘቅዝቆ፣ በጭንቅላቱ አጠለቀው። ክንዶቹን ወደ እጅጌዎቹ ሰደደ፤ ክርኑ ላይ ተቀረቀሩ። እዚያ ቆመ፤ ራሱ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ፣ ሁለት ክንዱ እኔ ባጠበብኩት እጅጌ ታስሮ፣ ጥጡ ወገቡ ላይ ወርዶ፣ ራሱ ላይ ስሱ የታችኛው ጠርዝ ብቻ። ስምንቱ ግን ያዩት ሌላ ነው። ካባው ተለበሰ። ምልክቱ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ዱላ የውባየሁ ነው። ከዚያ የሌሎቹ ወረደ። አዛናው «ኧረ በወንድ ልጅ አምላክ! ኧረ ገደላችሁኝ!» አለ፤ ቃሉ ሁልጊዜ ሲጫወት የሚለው ቃል ነበር፣ ስለዚህ ጠንክረው መቱት። የቱ ራስ የቱ ትከሻ እንደሆነ ከካባው ውጭ አይታወቅም። እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ። የወንድሜን እውነተኛ ጩኸት ከሐሰተኛው ለመለየት ሁለት ወር ልምምድ አያስፈልገኝም። ተነሣሁ። ሕዝቡም አብሮኝ ተነሥቶ ኖሮ መሄጃ አጣሁ፤ ሴቶቹን እየረገጥሁ፣ አንዷ ነጠላዬን ይዛ እየጎተተችኝ፣ «ካባውን ለብሶት የለ? ጨዋታ እኮ ነው!» እያለችኝ ተጋፋሁ። ዱላ ጥጥ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ድፍን ነው። መሀል መሀሉ ላይ ሌላ ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ እንጨት በእንጨት የሚመታ ዓይነት። ካባው በጉልበቱ ተንበረከከ። ከዚያ ተኛ። ጩኸቱ ቆመ፣ ዱላው አልቆመም፤ ፊሽካ አልተነፋማ። እንግዳው ያጨበጭባሉ።

መድረኩ ላይ በሆዴ ተስቤ ወጣሁ። አያልነህ እዚያው ጥጉ ላይ ነው፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። ከአፉ መነጨቅሁትና ክሩ ተበጠሰ። ነፋሁት።

ወዲያው ቆሙ። ስምንቱም፣ በአንዴ፣ ዱላቸውን ወደ ታች አደረጉ። ያን ያህል ታዛዦች ነበሩ። ውባየሁ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ጎንበስ አለና «ተነሥ እንጂ አዛናው፣ ጀርባህን ልከክልህ» አለው።

እንግዳው ለመሄድ ቸኩለው ነበር። ከመኪናቸው ሳይገቡ «እንዲህ ያለ እውነተኛ ቴአትር አይቼ አላውቅም» ብለው የባሌን እጅ ጨበጡ። እኛ ያን ጊዜ አዛናውን በቃሬዛ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው እየሮጥን ነው። ውባየሁ ከፊት ተሸክሟል፤ ማንም አስለቅቆ ሊቀበለው አልቻለም። ካባውን በመቀስ ቀደን ነው ያወጣነው። ቁስል አጣቢው ድሬሰር የአዛናውን ዓይን ገልጦ አየና እኔን ሳያይ ጓንቱን አወለቀ። ፀሐይ ጣና በኩል ሳትጠልቅ ወንድሜ ሞተ። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፤ «ወረቀቷ» አለ። ይዤልሃለሁ ብዬ ዋሸሁት።

በማግስቱ ቀበርነው። ለባላባት ዘር ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ የተከለከለ ስለነበር በነጠላችን አፋችንን ይዘን ነው ያለቀስነው። በሠልስቱ ሰው እጅግ ጥቂት መጣ። ውባየሁ ግን መጣ። ከበሩ አላለፈም፤ ራሱን ተከናንቦ ከደፉ ላይ ተቀመጠ። ልጠላው ሞከርሁ። የሱን በሬ ሳር ያበላሁ ነኝ፣ ያንን ካባ የሰፋሁ ነኝ፤ ጥላቻዬ እሱ ጋ ሲደርስ ይሰንፋል። ውባየሁ «ካባውን ለብሶ ነበር እኮ፣ እመየ» አለኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ ማንንም ሳይወቅስ፣ «እኔ ፊሽካውን እጠብቅ ነበር» አለ። አያልነህ ከጎኔ ተቀምጧል። አንገቱን ደፋ። ጥላቻዬ ያን ጊዜ ቦታውን አገኘ።

ሊቀመንበር መንግሥቴ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ዘመኑ አይፈቅድለትም። ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ፍራሹ ላይ አስቀመጠ። የአዛናው ይለፍ ነው፤ ማኅተሙ ደምቆ ይታያል፣ ከወረታ ሐሙሲት ይላል። «እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ ሌላውን ነገረው። እንግዳው ቴአትሩን ወደውታል። በሚመጣው ገበያ ቀን ይፋግ ላይ ይታያል፤ ልክ እንደ ወረታው ሆኖ፣ ምንም ሳይቀየር። ተጫዋቾቹ ስምንቱም ይሄዳሉ፤ ባላባት የሚሆን ግን ዞሮ ዞሮ አልተገኘም።

«አንተ ትጫወተዋለህ፣ መምህር» አለ። «ነገሩን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«እሺ፣ ጓድ» አለ ባሌ።

ለቀስተኞቹ ሲሄዱ የስፌት መኪናዬ ጋ ሄጄ ተቀመጥሁ። ያላለቀ ሥራ አልነበረኝም፤ እግሬ ግን ወደዚያ ወሰደኝ። አያልነህ ካባውን ይዞ መጣና ፊቴ ቆመ። አጥቦታል፤ በመቀስ የቀደድነው ቦታ ተንጠልጥሏል፣ የእናቴ ጥልፍ አሁንም ክሳዱ ላይ አለ። አልተቆጣሁትም፤ ሦስት ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ነው የጀመረው። «እጅጌውን ብታሰፊው» አለ። «ሰው ብቻውን እንዲለብሰው። ጥጡንም እስከ ራሱ ድረስ ብታደርሺው።» ከፍራሹ የቀረውን ጥጥ በሌላ እጁ አቅፎ ነበር፤ በገዛ እጁ አውጥቶት ነው።

ካባውን ተቀበልሁትና መርፌው ስር ዘረጋሁት። ለምን እንደተቀበልሁት እስከዛሬ አላውቅም። መኪናውን ረገጥሁ። ስሰፋ ቆሞ አየኝ፤ ቀኝ እጅጌውን ጨርሼ ወደ ግራው ስዞር ዓይኑ ወለሉን፣ መደቡን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር ይፈልግ ጀመር።

«ፊሽካውስ?» አለኝ።

ከቀሚሴ ውስጥ ቀዩን ክር ሳብሁና አሳየሁት። ከመስከረም ሁለት ጀምሮ አንገቴ ላይ ነበር።

«ይፋግ እኔ እይዘዋለሁ» አልኩት። «ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።»

ጥጡን መደቡ ላይ አኖረው። ከዚያ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው፣ ልጅ ባለመውለዴ አንድም ቀን ያልሰደበኝ ሰው፣ ድምፁ ተሰብሮ ጠየቀኝ።

«ትነፊዋለሽ አይደል፣ ሸዋነሽ?»

የስፌቱን ክር በጥርሴ በጠስሁት።

«እስቲ ና ልበሰው» አልኩት። «ልኩን ልየው።»